«ሞቷል» ከመባሉ በፊት፦ በላፕቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ሾርት እንዴት ይፈለጋል?

(ለሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለሒሳብና ንብረት ክፍል ሠራተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ የጽሕፈት ቤት መሣሪያዎች አያያዝና ጥገና የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ፣ ጊዜው ግን አጭር በመሆኑ ሁሉን ነካ ነካ አድርጎ ከማለፍ አንዱን ብልሽት ከሥሩ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ። የመረጥሁትም ጨርሶ አልበራ ያለ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ሾርት የተፈጠረበት ላፕቶፕ ነው።

ምርጫዬ ያለ ምክንያት አይደለም። የአጥቢያው የአባላት መዝገብ፣ የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂ፣ የገቢና ወጪ ሒሳብ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚቀመጠው በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ላፕቶፑም የተገዛው ምእመናን ካዋጡት ገንዘብ ነው። ይህ ዕቃ አንድ ቀን አልበራም ሲል ወደ ጥገና ቤት ይላካል፤ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየር» የሚል ቃል ይዞ ይመለሳል። ኮሚቴውም ምን እንደተለካ ሳይጠይቅ ወይ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፣ ወይ ዕቃውን መጋዘን ጥሎ ሌላ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው ማዘርቦርዱ በሙሉ ሳይሆን በላዩ ካሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዕቃዎች አንዱ ብቻ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ እናንተን የጥገና ባለሙያ ማድረግ አይደለም። ትክክለኛ ፍለጋ ምን እንደሚመስል ዐውቃችሁ፣ ለክቶ የሚናገረውን ባለሙያ ገምቶ ከሚናገረው እንድትለዩ ነው።

ሾርት ምንድን ነው?

ኤሌክትሪክ ከምንጩ ይወጣል፤ ሥራ በሚሠራ ዕቃ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ምንጩ ይመለሳል። በማዘርቦርድ ላይ ይህ የመመለሻ መንገድ ግራውንድ ይባላል። ኤሌክትሪኩ ወደ ሥራው ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ግራውንድ ሲመለስ «ሾርት ሆነ» እንላለን። የአቋራጩ ተቃውሞ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የኤሌክትሪኩ ፍሰት ወደዚያው ያዘነብላል፤ ሌላው ሁሉ ባዶውን ይቀራል።

በቁጥር ብናየው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የብዙ ላፕቶፖች ቻርጀር 19 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ 65 ዋት የሆነው ቻርጀር ሊያወጣ የሚችለው 3.4 አምፔር ያህል ነው። በማዘርቦርዱ ዋና መስመር ላይ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ያለው ሾርት ቢኖር፣ 19 ለግማሽ ሲካፈል 38 አምፔር ይመጣል። ቻርጀሩ ይህን ያህል ማውጣት አይችልምና ራሱን ለመጠበቅ ያቋርጣል። ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ መብራቱ የሚጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል፣ ሲነቀል ደግሞ ተመልሶ የሚበራ ቻርጀር ያያችሁ ትኖራላችሁ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ማንኛውም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሊያየው የሚችለው የመጀመሪያው ምልክትም ይህ ነው። ሆኖም የቻርጀሩ መብራት አለመጥፋቱ ሾርት ላለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ ችግር መኖሩን ሲያውቅ የኤሌክትሪኩን መግቢያ አስቀድሞ ይዘጋልና።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው የት ነው?

በማዘርቦርድ ላይ ከጤፍ ፍሬ እስከ ስንዴ ፍሬ የሚያህሉ፣ ቡናማ መልክ ያላቸው ጥቃቅን ዕቃዎች ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ናቸው። ሥራቸው ቮልቱ ከፍና ዝቅ እንዳይል ማርጋት ነው። የአብዛኞቹ አንዱ ጫፍ ከኤሌክትሪክ መስመር፣ ሌላው ጫፍ ከግራውንድ ጋር ይገናኛል። በውስጣቸው ስስ የብረትና የሴራሚክ ንጣፎች እየተፈራረቁ ተደርበዋል፤ ብረቱ ከብረቱ እንዳይነካካ የሚከለክለው ሴራሚኩ ነው።

ሴራሚክ ደግሞ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። ላፕቶፑ ሲወድቅ፣ ማዘርቦርዱ ሲጎብጥ፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ብዛት ሊሰነጠቅ ይችላል። በስንጥቁ በኩል የብረት ንጣፎቹ ሲገናኙ፣ ቮልት ያረጋ የነበረው ካፓሲተር ራሱ አቋራጭ መንገድ ይሆናል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። ከካፓሲተር ሌላ ሞስፌት የሚባሉት ኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ ዕቃዎች፣ የፈሰሰ ሻይ ወይም ቡና የፈጠረው ዝገት፣ ለላፕቶፑ የማይስማማ ቻርጀርም የሾርት ምክንያት ይሆናሉ።

ፍለጋውን አስቸጋሪ የሚያደርገው ምንድን ነው? አብዛኞቻችሁ በምታውቁት ነገር ላስረዳ። ብዙ ቦኖዎች ከአንድ የውኃ መስመር ይቀዳሉ እንበል። መስመሩ ከመሬት በታች በአንድ ቦታ ቢፈነዳ በሁሉም ቦኖ ውኃው ይደክማል። ቦኖዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ማየት የፈነዳበትን ቦታ አይናገርም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸውና። ቦታው የሚታወቀው መሬቱ የረጠበበት ሲገኝ ነው።

በማዘርቦርድም እንዲሁ ነው። በአንድ መስመር ላይ ሃምሳ ካፓሲተር ቢኖርና አንዱ ሾርት ቢሆን፣ መለኪያው በሃምሳዎቹም ላይ «ሾርት» ይላል። ሁሉም ጥፋተኛ ይመስላሉ፤ ጥፋተኛው ግን አንድ ነው። ይህን የማያስተውል ሠራተኛ ወይ ዕቃዎቹን በግምት እየነቀለ ማዘርቦርዱን ያቆስላል፣ ወይም ሁሉንም ባንድነት «ሞቷል» ብሎ ይፈርድበታል።

ፍለጋው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክን ማቋረጥና መመልከት። ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ላፕቶፑ ተከፍቶ የባትሪው ማያያዣ ይለያያል። ባትሪው አብጦ ከተገኘ በጥንቃቄ ይነሣል፤ አይጫንም፣ አይወጋም። ከዚያም ማዘርቦርዱ በአጉሊ መነጽር ይታያል። የተቃጠለ፣ የተሰነጠቀ፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት የያዘ ቦታ ካለ ይመዘገባል። ምንም አለመታየቱ ግን ፍለጋውን አያስቆምም።

ሁለተኛ፣ መስመሩን መለየት። አሁን ሥራው የቴስተር ነው። አንዱ ዘንግ ግራውንድ ላይ፣ ለምሳሌ ብሎን በሚያርፍበት የብረት ቀለበት ላይ ይሆናል፤ ሌላው ዘንግ እየተዘዋወረ የእያንዳንዱን መስመር ተቃውሞ ይለካል። ኤሌክትሪክ ከቻርጀሩ ሲገባ መጀመሪያ እንደ በር በሚያገለግሉ ሞስፌቶች ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ዋናው የ19 ቮልት መስመር ይደርሳል። ዋናው መስመር ደግሞ ወደ 5 ቮልት፣ ወደ 3.3 ቮልት፣ ለማስታወሻ ክፍሉ ወደ 1.2 ወይም 1.35 ቮልት፣ ለፕሮሰሰሩም 1 ቮልት ገደማ ወደሆነው መስመር ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍልፋይ ኮይል የሚባል ጎላ ያለ ዕቃ ስላለው የኮይሎቹን ጫፍ በመለካት ብቻ የትኛው መስመር ጤነኛ፣ የትኛው ታማሚ እንደሆነ በጥቂት ደቂቃዎች ይታወቃል።

እዚህ ላይ ዕውቀት የሚጠይቅ ነገር አለ። ጤነኛ የ19 ቮልት መስመር በሺዎች የሚቆጠር ኦም ሊያሳይ ይገባል፤ አንድና ሁለት ኦም ካሳየ ሾርት አለበት። የፕሮሰሰሩ መስመር ግን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጥቂት ኦም፣ አንዳንዴም ከአንድ ኦም በታች ያሳያል። ቴስተሩ እዚያ ላይ ስለ ጮኸ ብቻ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» የሚል ባለሙያ ፈርዶ እንጂ መርምሮ አልተናገረም።

ሦስተኛ፣ ፕሮሰሰሩን ከአደጋ መጠበቅ። ከ19 ቮልቱ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያሳልፈው ሞስፌት ራሱ ሾርት ሆኖ ከሆነ፣ በዋናው መስመር ላይ የሚሰጥ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ ይደርሳል። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ደረጃ ከመሄድ በፊት በዋናው መስመርና በፕሮሰሰሩ ኮይል መካከል ያለው ተቃውሞ ይለካል። ሁለቱ ተገናኝተው ከተገኙ መጀመሪያ ያ ሞስፌት ይነሣል። ይህን ልኬት መዝለል የሚድነውን ዕቃ የማይድን ሊያደርገው ይችላል።

አራተኛ፣ ሙቀትን ምስክር ማድረግ። አሁን እርጥቡን መሬት እንፈልጋለን። ቮልቱንና አምፔሩን መወሰን ከሚቻልበት የጥገና ፓወር ሰፕላይ፣ በታመመው መስመር ላይ 1 ቮልት ያህል አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ መስመሩ በጤናው ጊዜ ከሚሸከመው ቮልት በላይ ፈጽሞ አይሰጥም። ኤሌክትሪኩ በአቋራጩ በኩል ስለሚያልፍ ጥፋተኛው ዕቃ ብቻውን ይሞቃል፤ በአጠገቡ ያሉት ጤነኞች ቀዝቅዘው ይቆያሉ።

ሙቀቱን ለማየት ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖር ግን ሥራው አይቆምም። ንጹሕ አልኮል በማዘርቦርዱ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርቀው ቦታ ጥፋተኛውን ያሳያል። አልኮል ተቀጣጣይ ስለሆነ ይህ የሚደረገው ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚገባበት ክፍል ነው። በጣት መንካት አይመከርም፤ ጥቃቅኑ ዕቃ ጣት የሚያቃጥል ሙቀት ላይ ሊደርስ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ የሾርቱ ተቃውሞ እጅግ ከማነሱ የተነሣ ሙቀቱ አይታይም። ለምሳሌ ተቃውሞው 0.02 ኦም ቢሆንና 3 አምፔር ብናሳልፍበት የሚፈጠረው ሙቀት 0.18 ዋት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ቴስተሩን ወደ ሚሊቮልት አዙሮ በመስመሩ ላይ ከቦታ ቦታ ይለካል። ኤሌክትሪኩ ወደ አቋራጩ ሲቃረብ ቮልቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዝቅተኛው ቁጥር የተገኘበት ቦታ ለሾርቱ የቀረበው ነው።

አምስተኛ፣ ማንሣትና ማረጋገጥ። የተጠረጠረው ዕቃ በሙቅ አየር ይነሣል፤ መስመሩም እንደገና ይለካል። ተቃውሞው ወደ ጤናው ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ካልተመለሰ ሌላ አለ ማለት ነውና ፍለጋው ይቀጥላል። ካፓሲተሩ በመጠን፣ በአቅምና በቮልት በሚመስለው ይተካል፤ በ19 ቮልት መስመር ላይ የሚገባው 25 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚችል መሆን አለበት። ከዚያም ማዘርቦርዱ ወደ ቻርጀር ከመመለሱ በፊት አምፔሩ በተወሰነ ፓወር ሰፕላይ ይሞከራል፤ ሌላ የተደበቀ ጥፋት ቢኖር ጉዳት ሳያደርስ እንዲታይ ነው።

አንድ ምሳሌ

አንድ የአጥቢያ ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ «ማዘርቦርዱ ይቀየር» ተብሎ ከሌላ ቦታ ወደ እኛ የሥራ ጠረጴዛ መጥቶ ነበር። ቻርጀሩ ሲሰካ መብራቱ ይጠፋል። በመግቢያው በኩል ሾርት አልነበረም፤ ከመግቢያው ሞስፌቶች በኋላ ግን ዋናው መስመር 0.4 ኦም አሳየ። የ5 እና የ3.3 ቮልት መስመሮች ጤነኞች ነበሩ፤ ዋናው መስመር ከፕሮሰሰሩ ኮይል ጋርም አልተገናኘም። 1 ቮልት ሲሰጠው 2.5 አምፔር ያህል ሳበ፤ ይህ 2.5 ዋት ሙቀት በአንዲት ቅንጣት ላይ ማለት ነው። የተቀባው አልኮል በባትሪ መሙያው ክፍል አጠገብ ካለችው አንዲት ካፓሲተር ላይ በጥቂት ሴኮንዶች ደረቀ። ካፓሲተሯ ስትነሣ የመስመሩ ተቃውሞ ወደ ሺዎች ኦም ወጣ። አዲስ ተተክቶ፣ ላፕቶፑ በርቶ፣ የሦስት ዓመት የሒሳብ መዝገቡን እንደያዘ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመለሰ። የታየው ስንጥቅ አልነበረም፤ ጥፋቱን ያገኘው በቅደም ተከተል መለካት ነው።

ሁሉም እንዲህ ይድናል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ሾርቱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ከሆነ፣ የማዘርቦርዱ የውስጥ ንጣፎች ተቃጥለው ከሆነ፣ ወይም ዝገቱ ሰፊ ቦታ ከበላ ጥገናው ከዋጋው ላይመጣጠን ይችላል። ነገር ግን ይህ ከልኬት በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ ነው።

ከኮሚቴው የሚጠበቅ

ላፕቶፕ ለጥገና ስትሰጡ እነዚህን ጥያቄዎች አንሡ። ሾርቱ የተገኘው በየትኛው መስመር ላይ ነው? ከጥገናው በፊት ስንት ኦም፣ ከጥገናው በኋላ ስንት ኦም ተለካ? የተነሣው ዕቃ የትኛው ነው? መልሱም በጽሑፍ ከሒሳብ ሰነዱ ጋር ይያያዝ፤ የተነሣው ዕቃም ይመለስ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ የሚጠይቀው በማግኘቱ ደስ ይለዋል። ማዘርቦርዱን በምድጃ እናሙቀው ወይም ትልልቆቹን ቺፖች አንድ በአንድ እየነቀልን እንሞክር የሚል ሐሳብ ከቀረበ ግን ዕቃችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከገንዘቡም ይበልጣል። የማዘርቦርድ መሞት የመዝገብ መሞት አይደለም። በብዙ ላፕቶፖች መዝገቡ ያለው ተነቅሎ በሚወጣ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ላፕቶፑ ለጥገና ከመሄዱ በፊት ዲስኩ ወጥቶ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና ይቆይ፤ የምእመናን ስምና የሒሳብ ምስጢር ያለው በእርሱ ላይ ነውና። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን የመዝገቡ ማስቀመጫ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። በሌሎች ላይ ደግሞ ዊንዶውስ መዝገቡን ቢትሎከር በሚባለው ቁልፍ ይቆልፈዋል፤ ይህ የ48 አኃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ከሌለ ዲስኩ በሌላ ኮምፒውተር ቢገባም አይነበብም። እንግዲህ ቁልፉ ዛሬውኑ፣ ላፕቶፑ ጤነኛ ሳለ፣ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። የመዝገቡም ቅጂ በየሳምንቱ በሌላ ዲስክ ላይ ይወሰድ፤ ያም ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አይቀመጥ።

ሦስተኛው አያያዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉት፤ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋም ጠብቁ። በላፕቶፑ ላይ የተጻፈውን ቮልት የማይሰጥ ቻርጀር አትሰኩበት። ሻይ ወይም ውኃ ከፈሰሰበት የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ወዲያው አጥፉት፤ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ «ደርቋል» ብላችሁም አታብሩት። እርጥበቱ ቢደርቅ ስኳሩና ጨው ነገሩ ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝም ዝገቱ ይፋጠናል። በፍጥነት ተከፍቶ ከተጠረገ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ለወጣቶቻችን

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ የተጋነነ አይደለም። ቴስተር፣ ቮልትና አምፔር የሚወሰንበት ፓወር ሰፕላይ፣ አጉሊ መነጽር፣ መበየጃ፣ ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያና አልኮል ካሉ መጀመር ይቻላል። ከመሣሪያው በላይ የሚያስፈልገው ታጋሽነትና የለኩትን በማስታወሻ የመያዝ ልማድ ነው። በየአጥቢያችን ሥራ የሚፈልጉ፣ እጃቸው የተፍታታ ወጣቶች አሉ። በየመጋዘናችን ደግሞ «ሞተዋል» ተብለው የተቀመጡ ላፕቶፖች አሉ። ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል፤ የማይድን ማዘርቦርድ እንኳ ለተማሪ መለማመጃ፣ ለሌላ ማዘርቦርድም የመለዋወጫ ምንጭ ይሆናል።

ስለዚህ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በንብረት መዝገባችሁ ላይ «ከጥቅም ውጭ» ተብለው የተመዘገቡትን ላፕቶፖች አውጡ። በእያንዳንዱ አጠገብ ማን እንደመረመረው፣ ምን እንደተለካና ስንት እንደተገኘ ጻፉ። ይህ ዓምድ ባዶ የሆነበት ላፕቶፕ ገና አልተመረመረም፤ ያልተመረመረውን ደግሞ ከመዝገብ አትሰርዙት።